የከፋን ታሪክ ከአፍ ወደ መጽሐፍ ስላሻገሩ ሰዎች የተነገረ ቃል



የከፋ ሰው ቋንቋውን ካፊ ኖኖ ብሎ ይጠራዋል። ኖኖ ማለት አፍ ማለት ነውና፥ ካፊ ኖኖ የከፋ አፍ ተብሎ ይተረጐማል። ይህ ስም ለቋንቋው ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ታሪክ ሁሉ የሚስማማ ነው። ከፋ ብዙ መቶ ዓመት ራሱን የቻለ መንግሥት ሆኖ ሲኖር፥ ታቶ የሚባለው ንጉሥና ሚክሬቾ የሚባለው የመማክርት ጉባኤ ሲያዝዙና ሲፈርዱ፥ ዜና መዋዕል የሚጽፍ ጸሐፌ ትእዛዝ አላቆሙም። የነገሥታቱ ተራ፥ የጎሣው የትውልድ ሐረግ፥ የምድሩ ወሰን፥ የበዓሉ ሥርዓት፥ ይህ ሁሉ የተጻፈው በሰው ልብ ላይ ነበር፤ የሚነበበውም በአፍ ነበር።

የቅኔ ቤት ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ቅኔ በሌሊት ይታሰባል፥ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል፥ በማኅሌት ይዘረፋል፤ የሰማው ሰው በቃሉ ከያዘው ይኖራል፥ ካልያዘው ግን ከባለቅኔው ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል። በጎንጅና በዋሸራ፥ በዋድላም ስንቱ ጉባኤ ቃና፥ ስንቱ መወድስ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል! በብራና ተጽፎ የተገኘው ከተነገረው እጅግ ያነሰ ነው። ብራናና ቀለም ከእጁ የማይለይ ሊቅ እንኳ ይህን ያህል ከጠፋበት፥ ቀለም ያልነበረው መንግሥት በአንድ ዘመን ሲፈርስ ምን ያህል ይጠፋበት ይሆን?

የፈረሰበት ዘመን የታወቀ ነው። በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ወደ ከፋ ዘመተ፤ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ከጦሩ ጋራ ነበሩ። ከፋ ዳር ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር አጽንቶ፥ በበሮቹም ላይ ኬላ ጠባቂ አቁሞ ይኖር ነበርና፥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ብዙ ወራት ተዋጉ። በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ግን ተያዙ፤ ወደ ሸዋም ተወሰዱ፤ አገራቸውን ዳግመኛ ሳይገዙ በግዞት አረፉ። ዘውዳቸውም ከአገሩ ወጣ። ከጦርነቱ የተረፈውን ሕዝብ ደግሞ የባሪያ ንግድ በብዙ በተነው። በቦንጋና በአንድራቻ የነበሩት ቤተ መንግሥቶች የእንጨትና የሣር ሥራ ስለ ነበሩ፥ እንደ ጎንደር ግንብ ቆሞ የሚመሰክር ድንጋይ አልቀረም።

ይሁን እንጂ ከቤቱ መፍረስ ይልቅ የሰዎቹ መበተን ይብሳል። የንጉሡን ሥርዓት የሚያውቅ ባለሟል ሥራው ቀረ፤ ሥራው ሲቀር ቃሉን የሚሰማው ሰው ቀረ፤ የሚሰማው ሲቀር ለልጁ ማስተማሩንም ተወ። ሥርዓተ ንግሥ ንጉሥ ለሌለው ሕዝብ ምን ይጠቅመዋል ብሎ የተወውን ሽማግሌ ማንም ሊነቅፈው አይችልም።

እንግዲህ ከዚህ ከፈረሰው ቤት ውስጥ ቃሉን እየለቀሙ ያዳኑ እነማን ናቸው? ከዚህ በኋላ የሚጠራው ዓመት፥ መጻሕፍቱ በአውሮፓ የታተሙ ስለ ሆነ፥ በፈረንጆች ቍጥር ነው።

መንግሥቱ ገና ቆሞ ሳለ ከፋን ያየው የመጀመሪያው አውሮፓዊ ሊቅ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። በ1843 የእናርያው ገዥ አባ ባጊቦ ከከፋ ነገሥታት ወገን ሙሽራ ሲያስመጡ፥ ከሚያመጧት ሰዎች ጋራ ተጨምሮ ቦንጋ ደረሰ፤ ለጥቂት ቀናትም ተቀመጠ። ለሠርግ የመጣ እንግዳ ምን ያህል ማየት ይችላል? ያየውንና የሰማውን ግን በትጋት ጻፈ። ከእርሱም በኋላ አባ ማስያስ የሚባሉት የካቶሊክ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ በ1859 ገብተው እስከ 1861 ኖሩ፤ ከዚያም ተባረሩ። በሃይማኖት ነገር ከእርሳቸው ጋራ የማይስማማ ሰው እንኳ፥ የከፋን ሕዝብ በቅርብ ያዩ መሆናቸውን ሊክድ አይገባውም። በዚያን ጊዜ በከፋ የቀድሞ ክርስትና ፍርስራሽ መኖሩን፥ ካህንና መጽሐፍ ባነሰበት አገር የመስቀል በዓል በየዓመቱ መከበሩን ጽፈዋል። ይህንም በ12 ክፍል የታተመ መጽሐፋቸውን የጻፉት ሸምግለው ወደ ሮማ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ በስደታቸው ማስታወሻቸው ስለ ጠፋባቸው አብዛኛውን ከልባቸው አውጥተው ጻፉት ይባላል። እንግዲህ በአፍ የኖረው የከፋ ታሪክ ወደ መጽሐፍ ሲገባ እንኳ በሌላ ሽማግሌ ልብ ውስጥ አልፎ ገባ ማለት ነው፤ አንባቢም ይህን ሳይረሳ ሊያነበው ይገባል።

በ1888 ደግሞ የቪየናው የቋንቋ ሊቅ ሌዎ ራይኒሽ እግሩ ከፋን ሳይረግጥ ስለ ካፊ ኖኖ ሰዋስው አሳተመ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው ግን ፍሪድሪክ ዩልዮስ ቢበር ነው። ይህ ሰው በ1873 በቪየና ከተማ ተወለደ። መስፍንም ባለጸጋም አልነበረም፤ የታወቀ የዩኒቨርስቲ መምህርም አልነበረም፤ በመንግሥት ቤት ተቀጥሮ በደመወዝ የሚኖር ሰው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡን በአፍሪካ፥ ይልቁንም በከፋ ላይ ጣለ። በ1905 የኦስትሪያ መንግሥት ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ሊዋዋል መልእክተኞች ሲልክ ከነርሱ ጋራ መጣ፤ ውሉም ከተፈረመ በኋላ በዚያው ዓመት ወደ ከፋ ወረደ። በ1909 ዳግመኛ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ዓመቱን አስተውሉ። 1905 መንግሥቱ ከወደቀ ገና ስምንተኛው ዓመት ነበር። በጋኪ ሸሮቾ ፊት የቆሙ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ፤ በበዓል ቀን ማን ከማን በፊት እንደሚቀመጥ፥ ለየትኛው ሹመት የትኛው ጎሣ እንደሚመረጥ ገና አልረሱም። ቢበር የጠየቀው እነርሱን ነው። ቤት እንዴት እንደሚሠራ፥ እህል እንዴት እንደሚዘራ፥ ልብስ እንዴት እንደሚሸመን፥ ንጉሥ እንዴት እንደሚነግሥ፥ ሙት እንዴት እንደሚቀበር፥ ታላቁንም ትንሹንም ሳይንቅ ጻፈ። ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ ለዓመታት ደከመበት፤ በመካከሉ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ፤ የአገሩም የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ዙፋን ወደቀ። ስለ ወደቀው የከፋ መንግሥት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው የራሱ አገር መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው፤ የፊተኛው ክፍል በ1920፥ ሁለተኛው በ1923 ወጣ። በማግሥቱ ዓመት በ1924 ቢበር ሞተ። ልጁ ኦቶ ቢበር ደግሞ የአባቱን ጉዞና ሥራ የሚተርክ መጽሐፍ በ1948 አሳተመ።

የቢበር ሥራ ግን ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። በዚያን ዘመን የነበሩ ተጓዦች በአፍሪካ ውስጥ የተደራጀ መንግሥት ባዩ ጊዜ ሥሩን በጥንት ግብፅና በጥንት ኩሽ ይፈልጉለት ነበር፤ የአገሩ ሰው ራሱ አስቦ ያቆመው ነው ለማለት ምላሳቸው ይከብድ ነበር። ቢበርም ከዚህ አልዳነም፤ የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ከፋን የጥንት ኩሽ ሕዝብ ይለዋል። በቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙን አጥብቆ ያዘ፤ ወርቁን ግን ከሌላ አገር ሰው ኪስ ሊያወጣው ሞከረ። ስለዚህ ዓይኑ ያየውንና ሽማግሎቹ የነገሩትን እያመኑ፥ የራሱን ትርጓሜ ግን እየመረመሩ ማንበብ ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። በ1955 እንግሊዛዊው ሀንቲንግፎርድ ስለ ከፋ መንግሥት በለንደን ያሳተመው መጽሐፍ አብዛኛውን ከቢበርና ከጣሊያናዊው ከአንቶኒዮ ቼኪ መጻሕፍት የተውጣጣ ነው። ከዚያ ወዲያ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ሀንቲንግፎርድን ጠቅሰው ጻፉ። እንዲህም ሲሆን አንዱ ምስክር በአሥር አፍ እየተናገረ አሥር ምስክር መሰለ። በፍርድ ቤት ቢሆን ዳኛው ምስክሮቹ ቃሉን ከማን እንደ ሰሙት በጠየቀ ነበር።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ግን ወደ ሕዝቡ ዳግመኛ የሄዱ ተነሡ። አምኖን ኦሬንት በከፋ ተቀምጦ የጎሣንና የእምነትን ነገር መረመረ፤ በ1970 ባሳተመውም ጽሑፍ ከ1897 በፊት የነበረው የከፋ ታሪክ እንደ ገና እንዲመረመር አሳሰበ። ቬርነር ላንገ ደግሞ ከፋን ለብቻው ሳይሆን ጎንጋ ከሚባሉት ከዘመዶቹ ሕዝቦች ጋራ አንድ አድርጎ በ1982 መጽሐፍ አወጣ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ግን ቢበር ከመጣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ቢበር የጠየቃቸው ሽማግሎች በዚያን ጊዜ አልነበሩም፤ የተገኙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የሚከብድ ጥያቄ ይነሣል። ከ1890 ዓ.ም. በኋላ ወደ ከፋ የገቡት ወታደሮች ብቻ አልነበሩም፤ ካህናትና ደብተሮችም ገብተዋል። ቀለም መበጥበጥ፥ ብራና መዳመጥ፥ ቃል ሰምቶ መጻፍ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ስለምን ከቪየና የመጣው ሰው ጽፎ እነርሱ ሳይጽፉ ቀሩ? የሚሰጠው መልስ፥ የአገሩን ሥርዓት እንደ ጣዖት ሥራ ስላዩት መጻፉን እንደ ማጽናት ቈጠሩት የሚል ነው። ይህ መልስ ግን አይበቃም። አባ ባሕርይ አለና።

አባ ባሕርይ በ16ኛው መቶ ዓመት በጋሞ አገር የኖረ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነው። የኦሮሞ ጦር አገሩን ወርሮታል፤ ያለውንም ዘርፎታል። እርሱ ግን በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግእዝ መጽሐፍ ጻፈ፤ የገዳውን ሥርዓት፥ የሉባዎቹን ስም በየተራቸው፥ የጎሣዎቹን አከፋፈል ቈጥሮ አኖረ። የማይወደውን ሕዝብ ሥርዓት እንኳ በጥንቃቄ መረመረ፤ ስለ ገዳ ታሪክ የሚመራመሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ ከመጽሐፉ ይነሣሉ። የማያምኑበትን ነገር መጻፍ ማመን አለመሆኑን አባ ባሕርይ ከ400 ዓመት በፊት አሳይቷል። በከፋ የተቀመጡት ደብተሮች የርሱን መንገድ ቢከተሉ ኖሮ የከፋ ታሪክ ዛሬ በግእዝና በአማርኛ በተነበበ፤ ታሪኩንም ለማወቅ ጀርመንኛ መማር ባላስፈለገ ነበር።

ይህን ጉድለት በኋላ የሞላው የአገሩ ልጅ ነው። አቶ በቀለ ወልደ ማርያም የከፋን መንግሥት ታሪክ ከአባቶች ቃልና ከተጻፈው አስተያይተው በአማርኛ ጻፉ፤ በእንግሊዝኛም ተመልሶ በ2010 ታተመ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ከ1390 እስከ 1935 ያለውን ዘመን እተርካለሁ ይላል። የዘመን ቍጥሩን፥ ይልቁንም የጥንቱን፥ ሌሎች ሊቃውንት ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ የአፍ ታሪክ ትውልድን እንጂ ዓመትን አይቈጥርምና። የመጽሐፉ ዋጋ ግን በዓመቱ ላይ አይደለም። የባዕድ ጸሐፊ በአስተርጓሚ የሚሰማውን ቃል የአገሩ ሰው በቀጥታ ይሰማዋል፤ አንድ ሽማግሌ ሲናገር የቱ ላይ እንደ ቀለደ፥ የቱ ላይ ስለ ጎሣው ክብር እንደ ጨመረ፥ የቱ ላይ አፍሮ እንደ ዘለለ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በአስተርጓሚ አይገዛም።

የአገሩም ልጅ ቢሆን ግን የሚጠይቀውን ሰው መምረጥ አለበት። የከፋ ታሪክ እስካሁን የተጠየቀው አብዛኛውን ከነገሥታቱና ከሹማምቱ ዘር ነው። ማንጆ የሚባሉት ወገኖች በጫካ አደን የሚታወቁ ነበሩ፤ በመንግሥቱም ዘመን ኬላውን ይጠብቁ ነበር። ወደ ከፋ የሚገባና ከከፋ የሚወጣ ሁሉ በፊታቸው ያልፋል። ሆኖም ሌላው ሕዝብ እየናቃቸው፥ ከማዕዱና ከቤቱ እየለያቸው ኖረ። በር ጠባቂ የሚያውቀውን የእልፍኝ አሽከር አያውቀውም፤ እንግዲህ ከማንጆ ሽማግሌ ያልተጠየቀ የከፋ ታሪክ በሩ የተዘጋ ቤት ነው። ከንጉሥ ዘር የተገኘ ቃል ሁሉ እውነት፥ ከተናቀው ሰው የተገኘ ሁሉ ተረት ነው ብሎ መጀመር ታሪክን ከመጠየቁ በፊት መፍረድ ይሆናል።

ስለ ተረት ከተነሣ፥ የቡናውን ነገር ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ቦንጋ ዛሬ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ያላት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋም ያለው ጫካ የበረሓ ቡና የሚበቅልበት ነው፤ ዩኔስኮም በ2010 በዓለም የታወቀ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቍጥር ካልዲ የሚባል የፍየል እረኛ ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲፈነጥዙ አየ የሚለው ነገር እንደ ከፋ ታሪክ ይነገረዋል። ይህ ተረት በመጀመሪያ የተጻፈው በ1671 በሮማ ነው፤ የጻፈውም ፋውስጦስ ናይሮን የሚባል የሊባኖስ ማሮናዊ ሊቅ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ካልዲ የሚል ስም የለም፤ ነገሩም የሆነው በዓረብ አገር ነው ይላል። ስሙም ኢትዮጵያዊነቱም በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ከፋ ግን ከሮማ ተረት መበደር የማያስፈልገው አገር ነው፤ ቡናው በጫካው ውስጥ በቅሎ ይታያል፤ ስለ አተካከሉና ስለ አጠጣጡ ሥርዓት የሚጠየቁ እናቶችም በየቤቱ አሉ።

የእጅ ሥራውም ነገር እንደ ቃሉ ነው። ቢበር ከከፋ የወሰዳቸው የቤት ዕቃዎችና ጌጣጌጦች ዛሬ በቪየና አሉ፤ በዚያች ከተማ በሂትሲንግ ሰፈር ባለው ቤተ መዘክር ውስጥም ስለ ከፋ የሚታይ ክፍል አለ። ይመለሱ ወይስ እዚያው ይኑሩ የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ የመንግሥታትም ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሊሆን የሚችል ቀላል ነገር አለ። የያንዳንዱን ዕቃ ሥዕል አስመጥቶ ለቦንጋና ለአካባቢዋ ሸማኔዎች፥ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ማሳየት ይቻላል። ዕቃው በካፊ ኖኖ ምን እንደሚባል፥ ማን እንደሚሠራው፥ በምን ቀን እንደሚወጣ ይናገራሉ። ስሙ የጠፋ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ቢቀመጥ ዕንጨት ወይም ብረት ብቻ ነው። ይህም ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የቦንጋ ዩኒቨርስቲ መምህራንና የዞኑ የባህል ሹማምት ቢነጋገሩበት ይበቃል።

ንጉሥ ባይኖርም ሥርዓቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ማሽቃሬ ባሮ የሚባለው የከፋ የዘመን መለወጫ በዓል የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በነበረበት በቦንጌ ሻምበቶ በየዓመቱ በመስከረም ይከበራል። የጎሣ ሽማግሎች በዚያ ይሰበሰባሉ። የማሽቃሬ ስም ከመስቀል ስም ጋራ ያለውን ዝምድና፥ አባ ማስያስ ያዩት የመስቀል በዓልና የዛሬው በዓል የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን፥ ግእዝ የሚያውቅ ሰውና ካፊ ኖኖ የሚያውቅ ሰው አብረው ተቀምጠው ቢመረምሩት እጅግ ያማረ ሥራ ይወጣዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይችለውም።

በበዓሉ ቀን የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ካሜራና ቪዲዮ የሚያነሣውም ብዙ ነው። ሥዕል ግን የሽማግሌውን ልብስ እንጂ ልቡን አያነሣም። ሽማግሌ በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ቢጠየቅ ለክብሩ የሚሆነውን ይናገራል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ በቤቱ፥ በእሳት ዳር፥ ቡና ተፈልቶ ቢጠየቅ ግን የማይናገረው የለም። የጠያቂው ስም፥ የተጠያቂው ስምና ጎሣ፥ የተጠየቀበት ቀንና ቦታ ከቃሉ ጋራ መጻፍ አለበት፤ ሁለት ሽማግሎች የማይስማሙ እንደ ሆነም ሁለቱም ቃል እንዳለ ይጻፍ እንጂ ጸሐፊው እንዲስማሙ አያድርጋቸው። ዛሬ በከፋ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ካፊ ኖኖም በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ ቃሉን ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ሳይገለብጡ፥ እንደ ተነገረ መጻፍ የሚችል ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። ጥያቄውንም ከቅርቡ ቢጀምር መልካም ነው፦ ይህ መንደር ከ1890 ዓ.ም. በፊት ስሙ ማን ነበር? ከዚህ በታች ያለው ቦይ በማን ዘመን ተቈፈረ? በበሩስ ላይ የቆመው የማን አያት ነው?